በጨው የታሹ መጻሕፍት

ሐሙስ ንጋት፣ ከአዲስ አበባ

የሰዓት እላፊው ገደብ እንዳበቃ ጋሽ መንገሻ ላንድሮቨሩን በራችን ላይ አቁሞ ጥሩምባ ነፋ። ጥር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ እስከ በሩ ሸኘችኝና «መቼም የመንግሥት ሥራ ነው ካልሽ ምን እላለሁ» አለች። የመንግሥት ሥራ ነው፣ ማኅተም ያለበት ወረቀትም ይዣለሁ አልኳት። ማኅተሙ እውነተኛ ነው። ከማኅተሙ በላይ የተጻፈው ግን ውሸት ነበር።

የምሠራው በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፣ በማይክሮፊልም ክፍል ነው። ሥራዬን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብዬ አስረዳለሁ፦ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሣል፤ ሙሉው መጽሐፍ ኪስ በምትገባ የፊልም ጥቅልል ላይ ይሰፍራል፤ አንባቢው ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ መብራት ካለው ማሽን ፊት ተቀምጦ እጀታ እያዞረ ያነበዋል። መጽሐፉ ቢጠፋ እንኳ ፊልሙ አለ። ዘንድሮ ይህቺ «ቢጠፋ እንኳ» የምትለዋ ነገር ሥራ አብዝታብናለች።

ወረቀቱ የሚለው ወደ አንኮበር ሄጄ ጥንታዊ የብራና ጽሑፎችን ፎቶ እንዳነሣ ነው። የምሄድበት ጉዳይ ሌላ ነው። አንዲት ወዳጄ በኮሌጁ የጥቁር ሕዝቦችን ሥነ ጽሑፍ ታስተምራለች፤ በባርነት ተግዘው አሜሪካና የካሪቢያን ደሴቶች የቀሩ ሰዎች ልጆች የጻፉትን ልብ ወለድና ግጥም፣ የአፍሪካንም ጨምሮ። የጭቁን ሕዝቦች ድምፅ ነው ተብሎ ትምህርቱ ተፈቅዶላታል። የሚነበብ መጽሐፍ ግን የለም። የእኛ መደርደሪያ ላይ የነበሩት ቤት ለቤት በተፈተሸበት በአሰሳው ሰሞን አለቁ። ተውሰው ከወሰዱት ሰዎች አንዳንዶቹ በፍርሃት አቃጠሏቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ራሳቸውም አልተመለሱም። ካርዶቹ መሳቢያው ውስጥ አሉ። ለመጣ ተማሪ ሁሉ ካርድ እያሳዩ «ነበረ» ማለት ሰልችቶኛል።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ደምሴ የሚባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። አብሮት ያስተምር የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ሣጥን ሙሉ የጥቁሮችን መጽሐፍ ትቶለት ሄደ። ደምሴ በቀይ ሽብር ተወስዶ ተገደለ። ሣጥኑ የት እንደገባ የምታውቀው እህቱ ናት። መጽሐፎቹን ጭነሽ ለምን አትመጪም የሚለኝ ሰው ካለ፣ በዚህ ዘመን አሜሪካ የታተመ መጽሐፍ ይዞ ኬላ አልፎ ያውቅ እንደሆነ ልጠይቀው።

ሐሙስ ረፋድ፣ ጫጫ

ጫጫ ቆመናል፤ ቁርስ ፍለጋ። ከዚህ በፊት ባለው ኬላ አስወርደው ፈትሸውናል። ወታደሩ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ ነው። የፊልም ቆርቆሮውን አንሥቶ ጆሮው ላይ ነቀነቀው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ፊልም ነው ጓድ። እንዳትከፍተው፤ ብርሃን ከነካው ይበላሻል።»

«ብርሃን የሚፈራ ነገርማ ደግ ነገር አይደለም» አለና ክዳኑን ከፈተው።

አንዱ ጥቅልል እንዲህ ሄደ። ልጮህበት አሰብኩና የእናቴን ፊት አስታውሼ ዋጥኩት። ጋሽ መንገሻ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። ሰውየው ሲነዳም ሲቆምም እንዲያ ነው፤ አንገቱ አይዞርም።

ሻይ ቤቷ የገብስ ዳቦ አላት። ስኳር የለም። «ቀበሌ ሲያከፋፍል ኑ» አለችን ባለቤቷ፣ ራሷ በተናገረችው እየሳቀች። ውጭ ጆንያ ሙሉ ምስር የጫኑ አህዮች ቆመዋል፤ ገበሬዎቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሻዬን እየጠጣሁ ለጋሽ መንገሻ ስለ መጽሐፎቹ ልነግረው ስጀምር እጁን አነሣ።

«ልጄ፣ ብራና ነው ብለሻል፤ ብራና ነው። ያላወቅሁትን ቢገርፉኝም አላወጣም። አምስት ልጆች አሉኝ።»

ተቀየምኩት። ፈሪ ነው አልኩ በሆዴ። ማን ያልፈራ እንዳለ ግን አልጠየቅሁም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

የደብረ ብርሃን ብርድ ቤት ውስጥም ተከትሎ ይገባል። የደምሴን እህት፣ እትዬ አስካለን፣ ጓሮዋ የበግ ፀጉር ስታባዝት አገኘኋት። ፈትላ ባና ለሚሠሩ፣ የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሸምኑ፣ ትሸጣለች። ጠይም፣ ረጅም፣ ፀጉሯ ያለ ዕድሜው የሸበተ ሴት ናት። ማን እንደላከኝ ስነግራት አስገብታኝ በሩን ዘጋችው፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወራች። ግድግዳው ባዶ ነው። የወንድሟን ፎቶ እንድታሳየኝ ጠየቅኋት።

«የታለና! በአሰሳው ሳምንት ፎቶውን፣ ደብተሩን፣ ኮቱን ሳይቀር በዚህ በእጄ ምድጃ ከተትኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ያቃጥል ነበር። እሱን ላድን ብዬ እኮ ነው። እነሱ ግን ያው መጥተው ወሰዱት። ሬሳውን አልሰጡንም። እኔንም ቀበሌ ጠርተው ለአብዮት ጠላት አይለቀስም፣ ድምፅሽ ቢሰማ አንቺም ትከተይዋለሽ አሉኝ። እርሜን ሳላወጣ ይኸው አለሁ።»

በአገሩ ደንብ ለቅሶ የሚቀመጡት ሬሳ ባይኖር እንኳ ከሟቹ ልብስ ወይ ዕቃ አንድ ነገር መሐል አስቀምጠው ነው። እሷ የምታስቀምጠው ነገር የላትም። ሁሉንም ራሷ አቃጥላዋለች። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፤ ፀጉሩን ማባዘት ቀጠለች።

መጽሐፎቹ ግን ከእሳቱ ቀድመው ወጥተዋል። ግቢያቸው ውስጥ መጋዘን ተከራይተው ከአልዩ አምባ የሚመላለሱ ሰይድ የሚባሉ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ፤ ደምሴ ሣጥኑን ባዶ አድርጎ መጽሐፎቹን ለእሳቸው አስረከባቸው። እስካሁን ከእሳቸው ዘንድ ናቸው።

«ለተማሪዎቹ ሊያስረዳ ሲል ዳር ዳሩን በአማርኛ እየተረጎመ ይጽፍበት ነበር» አለች እትዬ አስካለ። «በሰማያዊ ቀለም፣ በዚያ በሚወደው ብዕር። አንቺ ፊልምሽን አንሺ። ለኔ አንድ ገጽ አምጪልኝ፤ እጁ ያረፈበት። ያንን ይዤ ላልቅስ።»

አመጣለሁ አልኳት። ፊልሙን በወረቀት አትሜ መስጠት ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት፣ የአንኮበር መንገድ

ከደብረ ብርሃን እንደወጣን ጉም ዋጠን። ጋሽ መንገሻ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የመንገዱን ጠርዝ እየፈለገ ይነዳል። የድንጋይ አጥር፣ የገብስ ማሳ፣ ፀጉራቸው መሬት የሚጠርግ በጎች ብቅ ይሉና ይጠፋሉ። አንድ ቦታ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሐል መንገድ ተቀምጦ ጥሩምባ ብንነፋ ብንነፋ አልነሣ አለን። «እነዚህስ የማንም ይለፍ አያስፈልጋቸውም» አለ ጋሽ መንገሻ። ከተነሣን ጀምሮ የቀለደው ይህችን ብቻ ነው።

አንኮበር ደረስን፤ መኪናው ከዚህ አያልፍም። እዚህ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ላይገልጥ ይችላል፤ ካሜራዬ ደግሞ ያለ መብራት የምሠራበት ስለሆነ ፀሐይ ይፈልጋል። ደግነቱ መጽሐፎቹም ፀሐዩም ያሉት ቁልቁል፣ አልዩ አምባ ነው። ካሜራውንና ማቆሚያውን በበቅሎ ጫንን፤ ጋሽ መንገሻ መኪናውን ሊጠብቅ ሲቀር እኔና ባለ በቅሎው ወረድን።

ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈታል። ግማሹን ስንወርድ ጉሙ ከጭንቅላታችን በላይ ቀረና ሌላ አገር ታየ፤ ማሽላ፣ ቁልቋል፣ ሙቀት። ሹራቤን አወለቅሁ። ጨው የጫኑ ግመሎች ከበረሃው ወደ ገበያው እየወጡ ነበር።

ዓርብ ቀትር፣ አልዩ አምባ

የዓርብ ገበያ ነው። ጥጥ፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ፍየል። ሰላት ሲሆን ግን ወንዶቹ መስጊድ ገብተው ገበያው ረገብ ይላል። ጋሽ ሰይድን ከጁምዓ እስኪወጡ ጠበቅኋቸው። ቀጭን፣ ቀይ፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ናቸው። የደምሴን ስም ስጠራ እጄን ይዘው ቆሙ።

«አልሐምዱሊላህ! መጣችሁ? ሳልሞት መጣችሁ? አማና እኮ ነው ልጄ፤ የሰው አደራ። አማና ይዞ መሞት ከባድ ነው።»

ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው፤ ከግቢው ጥግ የቆዳ መጋዘን። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ፈታሾች ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር አሉኝ፤ አፍንጫቸውን ይዘው ከበሩ ተመለሱ። ጋሽ ሰይድ ይህን ሲነግሩኝ እንደ ልጅ ሳቁ። ከክምሩ ሥር በፍየል ቆዳ የተጠቀለሉ ሁለት ጆንያዎች ጎትተው አወጡና ግቢው መሐል አኖሯቸው።

«ምስጥ አልነካቸውም፣ ወላሂ!» አሉ ጠፍሩን እየፈቱ። «እዚህ አገር ምስጥ ቤት ይበላል። አይጥም አልቀረባቸውም። በየሳምንቱ ጆንያውን ከውጭ እየዳሰስኩ አይ ነበር። እንዲያ አድርጌ ነው ያስቀመጥኳቸው።»

ጆንያው ሲከፈት ያየሁት መጽሐፍ አልነበረም፤ ነጭ ነገር ነው። ጨው። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ እፍኝ ጨው፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ እፍኝ ጨው፣ እስከ ታች። በየገጹ መሐል ሳይቀር ገልጠው ነስንሰውበታል። ቆዳ እንዲህ ነው የሚቀመጠው፤ ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆዳ ከመበስበስ ያዳኑት በዚህ ነው። መጽሐፍም እሳቸው የሚያውቁት የቆዳ ነገር ነው፦ የመስጊዱ ኪታብ ልባሱ ቆዳ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ገጹም ቆዳ።

አንዱን አነሣሁት። ከበደኝ። ጨው ክረምት ያልበዋል፤ ላቡን ወረቀቱ ጠጥቶታል፤ በጋ ሲመጣ ደርቋል፤ ደግሞ ክረምት፣ ደግሞ በጋ። መጽሐፉ ጡብ ሆኗል። በቢላ ጫፍ አንድ ገጽ ልገልጥ ስሞክር እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰበረ። የላይ የላዮቹ ገጾች ዳር ላይ ሰማያዊ እድፍ አለ፤ ፊደል ግን የለም፣ ላቡ አጥቦታል። በተሰበረው ውስጥ ግን፣ ጥልቅ ቦታ፣ «ማለት» የምትል አንዲት የአማርኛ ቃል ቁልጭ ብላ አየሁ። ወዲያው ገጹ እጄ ላይ ፈረሰ።

ጋሽ ሰይድ ፊቴን ያያሉ። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

«ምነው? ተበላሽቷል?»

ውሸት መናገር ፈለግሁ። አልቻልኩም።

«ወረቀት ጨው አይወድም፣ ጋሽ ሰይድ።»

መሬት ተቀመጡ። ነፍሳቸውን አስይዘው የጠበቁትን ነገር በገዛ እጃቸው ያበላሹ ሰው ፊት ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፍርፋሪውን ከእጄ እየለቀሙ «ምንም አይነበብም?» አሉ።

አንድ መንገድ ነበር። ጨው የያዘውን ውሃ ይፈታዋል። መጽሐፎቹ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፉ ገጾቹ ይላቀቃሉ፤ የማተሚያ ቀለም ውሃ አይፈራም፤ እርጥቡን ገጽ ከመስታወት ሥር አድርጌ ፎቶ ማንሣት እችላለሁ። የብዕር ቀለም ግን ውሃ ከነካው ይሄዳል። ልጆቹ የሚማሩበት ይተርፋል፣ የደምሴ እጅ ይጠፋል። ሳይዘፈዘፉ ከቀሩ ደግሞ ሁለቱም የለም። ይህን ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። ለእትዬ አስካለ የገባሁትን ቃልም አልደበቅኋቸውም።

አገጫቸውን ይዘው አሰቡ።

«ሲሰጠኝ ያለኝን ልንገርሽ» አሉ። «"ሰይድ፣ አንድ ቀን ይነበባሉ" ነው ያለኝ። ስለ እጅ ጽሑፉ ምንም አላለኝ። አማናው መነበባቸው ነው። አስካለን አላህ ያበርታት። ውሃው ውስጥ አስገቢያቸው።»

ዓርብ ከሰዓት፣ እዚያው ግቢ

ሳፋ መጣ፤ ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ተሞላ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ እንደ ሕፃን በሁለት እጄ ይዤ አስገባሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትንሽ ትንሽ አረፋ ወጣ፤ ገጾቹ በየተራ መላቀቅ ጀመሩ። ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ። ከዚያ ሰማያዊ ሆነ።

ሁለታችንም ሳፋው ላይ አጎነበስን። አንድ ሰው በየምሽቱ ተቀምጦ ለልጆች የተረጎመው ሁሉ ሳፋ ውስጥ ሲዋኝ ማየት ክፉ ነገር ነው። አለቀስኩ። እያለቀስኩም ገጾቹን በሰሌን ላይ እየዘረጋሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ካሜራዬን እያጮህኩ ሠራሁ። ርካሽ ወረቀት ያላቸው ገንፎ ሆኑ። ጠንካራዎቹ ተረፉ። በግምት ግማሹን አድነናል፤ ጎዶሎ ልብ ወለድ፣ መጀመሪያ የሌለው ግጥም፣ አንዲት የጥቁሮች መጽሔት ከሞላ ጎደል ሙሉዋን።

ሳፋውን ላፈስ ሳነሣው ጋሽ ሰይድ ክንዴን ያዙኝ።

«የት ልትደፊው ነው?»

«ውጭ፣ መንገዱ ላይ።»

«ተይ፣ ልጄ። እኛ ዘንድ ልጆች ቁርኣን በሉህ ላይ ጽፈው ሲጨርሱ፣ እንጨቱን ያጠቡበት ውሃ መንገድ ላይ አይደፋም። ቀለም ነዋ። እግር አይረግጠውም።»

ሳፋውን ራሳቸው ተሸክመው ከመጋዘኑ ኋላ፣ ሰውም ከብትም ወደማይደርስበት የሎሚ ዛፍ ሥር ሄዱ። በአካፋ አፈሩን ጫር አድርገው ቀስ ብለው አፈሰሱት፤ አፈሩንም መለሱበት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም።

አንድ የመጽሐፍ ቅጠል ግን አስቀረሁ፤ ከጥራዙ የተላቀቀ፣ ዳሩ ላይ ሰማያዊ ጥላ ብቻ የቀረው። ሲደርቅ የፊልም መጠቅለያ በሆነው ጥቁር ወረቀት ውስጥ ደበቅሁት።

ቅዳሜ፣ መልስ

ዳገቱን ስንወጣ ማን እንደሚያዝን፣ ማን እንደሚደሰት እያሰላሁ ነበር። ወዳጄ ትደሰታለች። ያ ፊልም በኋላ ታጥቦ በደህና ወጥቷል፤ ተማሪዎቿ ማሽኑ ፊት ተራ ይዘው አንብበውታል፣ ዓይናችን ታመመ እያሉም አማርረውናል። ያን ቀን ግን የማስበው እትዬ አስካለን ብቻ ነበር። ለጋሽ መንገሻ መኪናው ውስጥ ሁሉንም ነገርኩት። እጁን አላነሣም፤ ሰማኝ። ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ያለው ኬላ ጠባቂ ምሳ እየበላ ነበርና በእጁ እለፉ አለን።

እትዬ አስካለ በሩን እንደ ሐሙሱ ዘጋች። ጋሽ መንገሻም ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ጥቁሩን ወረቀት ፈትቼ ቅጠሉን ጭኗ ላይ አኖርኩላት። ብዙ አየችው። ጣቷን ሰማያዊው ላይ አደረገች።

«ምን ይላል?»

«አይነበብም፣ እትዬ። ቀለሙ ሄዷል። እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

የጨውን ነገር፣ የሳፋውን ነገር፣ ሳላስቀር ነገርኳት። እንድትቆጣኝ እየጠበቅሁ ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ውሃውንስ ምን አደረጋችሁት?»

«ጋሽ ሰይድ ሎሚ ሥር አፈር ጭረው አፈሰሱት። እግር የማይረግጠው ቦታ ነው። አፈሩንም መለሱበት።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ተቀበረ በይኛ።»

ቅጠሉን ከጭኗ አንሥታ ወለሉ መሐል፣ አጎዛው ላይ አኖረችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና ደረቷን መምታት ጀመረች። ድምፅ የለም። ዓይኗ ፈጥጦ፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ፣ ድምፅ የለም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ቀበሌው ሁለት ቤት አልፎ ነው።

ጋሽ መንገሻ ተነሣ። ያ ፈሪ ሰው ብድግ ብሎ ወጣ፤ አሁንስ ጥሎን ሊሄድ ነው አልኩ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ሞተሩ ተነሣ። ነገር ግን መኪናው አልሄደም። ነዳጅ መስጫውን ረግጦ ሞተሩን ማስጮህ ጀመረ፤ እየጨመረ፣ እየጨመረ፣ የቤቱ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ።

እትዬ አስካለ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ አዳመጠች። ገባት። ነጠላውን ከአፏ አወጣች።

«ወንድሜ!» አለች። «ወንድሜ! ደምሴ ወንድሜ!»

ስንት ዓመት የታፈነ እንደሆነ አንድዬ ይወቀው። እኔም ከእሷ ጋር ጮህኩ፤ የማላውቀውን ሰው ስሙን እየጠራሁ።

በመስኮቱ አንዲት ጎረቤት አጥሩ ላይ ብቅ ስትል አየሁ። «ምነው ጌታዬ፣ ልጆቹን አደነቆራችኋቸው እኮ!» ስትል ሰማኋት። «ሞተሩ ታሟል፣ እህቴ» አለ ጋሽ መንገሻ። ሴትየዋ ጆሮዋን ወደ ቤቱ አዘነበለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ገባች። ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ አጥሩ ሥር ቆመች። ቀጥሎ ሌላዋ መጣች። ከማዶም አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

ጋሽ መንገሻ ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ፣ እግሩን ሳያነሣ እየረገጠ ነበር።